ቡችላው ሲመጣ ቤት ማን ይውላል?

በሰሜን ቨርጂኒያ በሚኖሩ ወገኖቻችን ቤት ልጆች ከፍ ማለት ሲጀምሩ «ቡችላ ይምጣልን» የሚለው ልመና መነሣቱ አይቀርም። ወላጆች የሚያመነቱት ውሻ ጠልተው አይደለም፤ አብዛኞቻችን ውሻ ባለበት ግቢ ያደግን ነን። ያ ውሻ ግን ቀን በር አጠገብ ታስሮ የሚውል፣ ሲመሽ የሚለቀቅ፣ ትራፊ እንጀራና ከሥጋ ቤት የመጣ አጥንት የሚበላ፣ በሩ ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» ተብሎ የተጻፈለት የግቢው ጠባቂ ነበር። የጎረቤት ውሻ ስትወልድ ከልጆቹ አንዱ ቡችላውን በካርቶን ይዞ ይገባል፤ ዝግጅቱም አሮጌ ጨርቅ ከማንጠፍ አያልፍም። እዚህ ግን ውሻው የሚኖረው እኛው በምንኖርበት ክፍል ስለሆነ ዝግጅቱም የሚጀምረው ከቤት ውስጥ ነው።

አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባው ማዕድ ቤታችን ነው። የወጣችን መነሻ የሆኑት ቀይና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ሆኑ የበሰሉ፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ስለሚያፈርሱ ወጥ የነካው እንጀራ ለቡችላ አይሰጥም። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ሊወጋ ይችላል፤ ቸኮሌት፣ የወይን ፍሬ፣ ዘቢብ፣ እንዲሁም በአንዳንድ ስኳር አልባ ማስቲካዎች ውስጥ የሚገኘው ዛይሊቶል ለውሻ መርዝ ናቸው። ይህን ለልጆች ማስረዳት ይቀላል። ከአገር ቤት ለጥየቃ ለመጡ አያት ግን ዓይን ዓይናቸውን እያየ ለሚቀመጥ እንስሳ ጉርሻ መንፈግ ይከብዳቸዋልና፣ ምክንያቱን ቀደም ብሎ በአክብሮት መንገር ያስፈልጋል። እርሳቸው በሚጸልዩበት ክፍል ውሻ እንዳይገባ ቢሹም ፍላጎታቸው ከመጀመሪያው ቀን ይከበር፤ ለወራት ሲገባበት የቆየውን በር በኋላ መከልከል ቡችላውንም ሰውንም ያስቸግራል።

ዕቃው ብዙ አያከራክርም፤ ቆሞ ለመዞርና ተዘርግቶ ለመተኛት የሚበቃው ኬጅ፣ የምግብና የውኃ ሳህን፣ የሚያኝከው ነገር ይበቃዋል። የኤሌክትሪክ ገመዶችም ከወለል ይነሡ።

ትልቁ ዝግጅት ሰዓት ነው። ሁለት ወር የሆነው ቡችላ ሽንቱን ከሁለትና ከሦስት ሰዓት በላይ መያዝ አይችልም፤ እስከ 14ኛው ሳምንቱ ድረስ ያለው ጊዜም ሰውንና ድምፅን የሚለማመድበት ዋና ጊዜው ነው። አባት ታክሲ ሲነዳ ውሎ፣ እናት ከሌሊት ሺፍት ተመልሳ ተኝታ፣ ልጆች ትምህርት ቤት ሲውሉ በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ ወደ ውጭ የሚያወጣውና የሚያለማምደው ማን ነው? አዲስ አበባ ያለው የግቢ ውሻ ቢታሰርም እንኳ ብቻውን አይውልም፤ አያት ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ልብስ የምታሰጣ አለች፣ ጎረቤት ይገባል ይወጣል። ስደት ከነጠቀን ነገር አንዱ ይህ ቤት የሚውል ሰው ነው። የቀትሩን ተረኛ ሳይመድብ ቡችላ የሚያመጣ ቤተሰብ እንስሳውን ይበድለዋል ብዬ አምናለሁ።

በአንጻሩ ከዚህ አገር ወስደን ለአገር ቤት ልናደርሰው የሚገባ ነገር ክትባት ነው። እዚህ ቡችላ ከስድስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ጀምሮ 16 ሳምንት እስኪሞላው ድረስ ቡችላን የሚገድሉትን የፓርቮና የዲስቴምፐር የተባሉ የቫይረስ በሽታዎች ክትባቶች በየተወሰነ ሳምንት ይወስዳል፤ አራት ወር ሲሞላው ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት እንዲኖረው የቨርጂኒያ ሕግ ያስገድዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ይህ በሽታ በዓለም በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎችን ይገድላል፤ ወደ ሰው የሚተላለፈውም እስከ 99 በመቶው በውሻ ነው፤ ከተጎጂዎቹም 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ቡችላ በካርቶን ተሸክሞ የሚገባው ያ ልጅ ማለት ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ተቋም መድረስ አለበት። ለቤተሰብ ገንዘብ የምንልክ ሁሉ የግቢው ውሻ ተከትቦ እንደሆነ እንጠይቅ፤ ካልተከተበም የክትባቱን ዋጋ እንጨምርበት።

ቡችላውን ከአገር ቤት ለማምጣት የሚያስቡ አሉ። ኢትዮጵያ ለዚህ በሽታ ከፍተኛ ስጋት ካለባቸው አገሮች ተርታ ስለተመደበች፣ ከነሐሴ 2024 (በፈረንጆች አቆጣጠር) ወዲህ ወደ አሜሪካ የሚገባ ውሻ ቢያንስ ስድስት ወር የሞላው፣ ማይክሮቺፕ (ከቆዳው ሥር የሚቀበር መለያ) ያለውና የተሟላ የክትባት ማስረጃ የያዘ መሆን ይኖርበታል። ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ የሚሄደው በአቅራቢያው ወዳለ ሼልተር (ባለቤት የሌላቸው እንስሳት መጠለያ) ነው፤ እዚያም ውሻው በቀን ስንት ሰዓት ብቻውን እንደሚሆን መጠየቁ የተለመደ ነው። የዚህን ጥያቄ መልስ ልጆቹ ቡችሎቹን ከማየታቸው በፊት፣ ቤተሰቡ በሙሉ ተቀምጦ የእያንዳንዱን የሥራና የትምህርት ሰዓት እየጻፈ ቢያዘጋጀው ይሻላል።