ጉልበት ውስጥ ሲሚንቶ? የግንበኛውና የሲስተሯ ክርክር

መከራከሪያው፦ «ለጉልበት ቅየራ (የተበላሸ ጉልበት በሰው ሰራሽ ብረት ሲተካ) ያለ ሲሚንቶ የሚገባው ይሻላል»። ደጋፊው ኮምቦልቻ ያለ ግንበኛ ነው፣ የእናቱን ጉልበት ሊያስቀይር የተነሳ። ተቃዋሚዋ ደሴ የምትሰራ የኦፕራሲዮን ክፍል ነርስ ነች።

ግንበኛው፦ ሰላም ጀመዓ። እኔ 20 አመት ሲሚንቶ ያቦካሁ ሰው ነኝ፣ «የእናትህ ጉልበት በሲሚንቶ ነው የሚገባው» ሲሉኝ መጀመሪያ ሳቄ ነው የመጣው። የሄድንበት ሆስፒታል፣ ስሙ ይቅርና፣ ዶክተሩ ሁለት ደቂቃ አናገረንና ወጣ፣ ሌላ አማራጭ የለም ወይ ልለው ስል ቀጣዩ በሽተኛ ገባ። ቤት ገብቼ ሳነብ ለካ ያለ ሲሚንቶም አለ፣ ብረቱ አጥንቱን በሚነካበት በኩል እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፣ አጥንቱ ራሱ እያደገ ይገባበትና ይይዘዋል። ይሄ ለኔ ማስረጃ አያስፈልገውም፣ ልሙጥ ግድግዳ ልስን አይዝም፣ መጀመሪያ ታሻክረዋለህ። ህይወት ያለው ነገር እያደገ የሚይዘውን ትቼ የሞተ ነገር እናቴ እግር ውስጥ ላስቦካ? ሲሚንቶ ቆይቶ ይሰነጠቃል፣ ብረቱ ይላላል፣ እንደገና ሲከፈት ደግሞ የድሮው ሲፈቀፈቅ አጥንትም አብሮ ይነሳል። ሊሾ ሰብሬ ስለማውቅ ነው የምለው፣ ስሩን ይዞ ነው የሚነሳው።

ሲስተር፦ ወንድሜ አብሽር፣ ማንም እናትህ ጉልበት ላይ የሲሚንቶ ከረጢት አይቀድም። ስሙ ነው ያሳሳተህ። ነገሩ ፕላስቲክ ነው፣ ፖሊሜቲል ሜታክሪሌት ይባላል፣ የሰው ሰራሽ ጥርስ ሮዝ ድድ የሚሰራበት ዘር። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሊ በፈረንጅ 1950ዎቹ መጨረሻ ለዳሌ ሲጠቀምበት ከጥርስ ስራ ነው ያመጣው፣ ለጉልበት ደግሞ ካናዳዊው ሐኪም ጋንስተን በ1971 ጽፎታል፣ ያኔ እኔም አልተወለድኩም። ዱቄትና ፈሳሽ ነው። ሲቀላቀል እንደ ጥፍር ቀለም ይሸታል፣ መጀመሪያ አጥሚት ይመስላል፣ ከዚያ ሊጥ ይሆናል፣ ጓንት ላይ መጣበቁን ሲተው አጥንቱ ላይ ይደረጋል፣ ብረቱ ይገባል፣ እግሩ ተዘርግቶ ይያዛል፣ ከዳር የወጣው ይጠረጋል። እኔ ከተረፈው ቁራሽ በጓንቴ ጨብጬ እቆማለሁ፣ እየሞቀ እየሞቀ ይሄዳል ከዚያ ጠጠር ይሆናል፣ ያኔ «ደርቋል ዶክተር» እላለሁ። ሩብ ሰአት ቢሆን ነው። እንደ ሙጫ ብረቱን ከአጥንቱ ያጣብቀዋል፣ በማግስቱ ቆመው ይራመዳሉ። ስዊድኖች ከ1975 ጀምሮ የጉልበት ቅየራን ይመዘግባሉ፣ እዚያም አብዛኛው በሲሚንቶ ነው። ያንተ ስፖንጅ ጥሩ አጥንት ይፈልጋል። እናትህ ስንት አመታቸው ነው? አጥንታቸው አልሳሳም?

ግንበኛው፦ «እንደ ሙጫ ያጣብቀዋል» አሉ ሲስተር? እዚች ላይ ቁሙልኝ። እኔ እንኳን ሊጥ የማቦካው ሰውዬ አንብቤ የገባኝ ነገር እኮ ይሄ ሙጫ አለመሆኑን ነው! አይጣበቅም። አጥንቱ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ጋ ገብቶ ይደርቅና ቆልፎ ይይዛል። ሴራሚክ ሲነጠፍ በመሀል በመሀሉ የምንሞላው ነጭ ሲሚንቶና ስሩ የሚቀባው ማጣበቂያ አንድ ነው ብሎ የሚመጣ ልጅ ቢኖር ከስራ ነው የማሰናብተው፣ ይቅርታ። ውስጡ ሆነው የሚሰሩት ሰው ሙጫና መሙያ ካልለዩ እኔን ምን ሊያስረዱኝ ነው? በማግስቱ መራመድ ላሉት ደግሞ ያለ ሲሚንቶ የገባላቸውም ይራመዳሉ።

ሲስተር፦ ከስራ ታሰናብተኛለህ አሉ። 23 አመት ቆሜ የሰራሁበት እግሬ ነው ዛሬ ሌሊት እያበጠ የሚያድረው፣ ከስራ መሰናበቱስ ባገኘሁት። ለሰው እንዲገባ ብዬ ነው ሙጫ ያልኩት፣ ሴራሚክ አንጣፊ መሆንህን መቼ ነገርከኝ። አጥንታቸውስ? ጠይቄህ ነበር። ስፖንጁ ገብቶ አጥንቱ ሳያድግበት ቢቀር ምን ታደርጋለህ፣ ውሃ ታጠጣዋለህ? ይሄኛው ውሃ አይጠጣም ደግሞ፣ በሙቀት ነው የሚጫወተው። ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ይዘገያል፣ ደሴ ጠዋት ላይ ቆመህ ስትጠብቅ ታየዋለህ፣ እናንተ ታች ሙቀቱ ጋ ብትሰሩት ፈጥኖ ነው የሚደርቅባችሁ። ጄንታማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክ የተቀላቀለበትም አለ፣ ኢንፌክሽን ለመከላከል። የብረትህ ስፖንጅ አንቲባዮቲክ ይዞ ይመጣል?

ግንበኛው፦ ለሰው እንዲገባ ብለው ነዋ! ችግሩ እሱ ነው። «ሙጫ ነው» ይሉናል እኛም እሺ ብለን እንወጣለን፣ እናቴ ደግሞ ለጎረቤት «በሙጫ ሊያጣብቁኝ ነው» እያለች ታለቅሳለች። ሲሚንቶው ሲገባ የደም ግፊት ዝቅ የሚልበት ሰው አለ የሚባለውንስ ማን ነገረን? ከድሮው ጋር አብሮ የሚነሳውን አጥንትስ? እሱን ዘለሉት ሲስተር፣ አይቻለሁ።

ሲስተር፦ ግፊቱ ያልከው አለ፣ ግን ከጉልበት ይልቅ ዳሌ ላይ ነው የሚበዛው፣ ማደንዘዣ ሰጪው ደግሞ እዚያው ቁጭ ብሎ ከሞኒተሩ አይኑን አይነቅልም። አልተነገረንም ያልከው ልክ ነው፣ ያ ዶክተር ሊያስረዳችሁ ይገባ ነበር፣ እሱን እኔ ላይ አታራግፈው። ሙጫ ያልኩትንም ስቤዋለሁ፣ መሙያ ነው፣ ደስ ይበልህ። አሁን አጥንታቸውን መልስልኝ።

ግንበኛው፦ ሳቡት፣ ጥሩ። እንዲያውም ሲሚንቶ ሆነ አልሆነ የኔ ጉዳይ አይደለም። እናቴ ጉልበት የምትፈልገው ለሩጫ ነው እንዴ? ለሶላት ነው። ሱጁድ ልትወርድበት፣ ዱካ ላይ ቁጭ ብላ ቡና ልታፈላበት። እሱን ካልቻለችበት በወርቅ ቢሞሉላት ምን ይሰራላታል።

ሲስተር፦ እና ይሄ ያለ ሲሚንቶ ይሻላል የሚያስብል ነው? በሁለቱም ያው ነው እኮ። ከተቀየረ በኋላ በጉልበቱ መንበርከክ የሚከብደው ሰው ብዙ ነው፣ ቆዳው ይደነዝዛል፣ ይቆረቁራል፣ ዱካም ዝቅ ስለሚል ሲነሱ ይቸገራሉ። ወንበር ላይ ይሰገዳል፣ ሸሆቹን ጠይቅ፣ የታመመ ሰው እንደቻለው ነው። ለቡናውም ከፍ ያለ በርጩማ ይግዙ፣ ሰኞ ገበያ ሞልቷል። ህመሙ ግን ይቀንስላቸዋል፣ ሌሊት ይተኛሉ። እሱን ጠይቀሃቸው ታውቃለህ፣ ሌሊት ይተኛሉ ወይ?

ግንበኛው፦ አትተኛም።

ሐሙስ የራጅ ፊልሙን ይዤ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ እመጣለሁ፣ አጥንቷ ሳስቶ እንደሆነ እዚያው አይታችሁ ትነግሩኛላችሁ። እሷም አብራኝ ትመጣለች፣ ግን በአላህ ሲስተር፣ እሷ ፊት ሙጫ የሚል ቃል እንዳይወጣዎት።