የበሽታ ስም ያወጣንላት እህት

በስቶክሆልም የምትኖሩ ወገኖቼ፣ በየካቲት መጨረሻ ቅዳሜ ማታ በአዳራሻችን የሆነውን ነገር ልርሳው ብዬ ብሞክርም አልሆነልኝም። በከተማችን ስም የተሰየመውን፣ በ2018 የወጣውን «ስቶክሆልም» የተባለ ፊልም አብረን አየን። ተዋናዩ ኢታን ሆክ ባርኔጣውን ደፍቶ ባንክ ውስጥ ሲጮህ ሳቅን፤ ፊልሙ እንዲያስቅ ተደርጎ የተሠራ ነውና እስከዚያ ድረስ ጥፋት አልነበረብንም። መብራቱ ከበራ በኋላ ግን ቡና ስታፈላልን ያመሸችው እህታችን ቀስ ብላ የራሷን ነገር አነሣች። ቤይሩት በሰው ቤት ስትሠራ ፓስፖርቷን ወስደው በር ይቆልፉባት እንደነበር፣ የአሠሪዋ አሮጊት እናት ግን ማታ ማታ በድብቅ ዳቦ ታቀብላት እንደነበርና ዛሬም በጸሎቷ እንደምታነሣቸው ነገረችን። ይህን ጊዜ አንዱ ከኋላ ሆኖ «ስቶክሆልም ሲንድረም ይዟታል!» አለ፤ የታገተ ሰው ላገተው ሲራራና ሲወግን የሚሰጡት ስም ነው። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እሷ ቃሉ አልገባትምና ወደ እኔ ዞራ «ምን አለ ወንድሜ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም «እንዲህ የሚባል በሽታ አለ» አልኋት። ስኒዎቹን ሳታጥብ፣ ያልበረደ ጀበናዋን በፎጣ ጠቅልላ ወጣች።

በምን ነበር የሳቅነው? በሽታ ያልነው ነገር ስሙን ያገኘው እኛው በየቀኑ በምናልፍበት በኖርማልምስቶሪ አደባባይ፣ ነሐሴ 1973 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ያን-ኤሪክ ኦልሶን መሣሪያ ይዞ ባንክ ገብቶ አራት ሠራተኞችን አገተ። ከታገቱት አንዷ፣ የ23 ዓመቷ ክሪስቲን ኤንማርክ፣ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ለኡሎፍ ፓልመ በስልክ ከአጋቹ ጋር እንድትወጣ ይፈቀድላት ዘንድ ለመነች፤ ከእርሱ ይልቅ የምትፈራው ፖሊስ ጥቃት ከፍቶ እንዳያስጨርሳቸው እንደሆነም ነገረችው። አልተፈቀደላትም። በስድስተኛው ቀን ፖሊስ በካዝናው ጣሪያ በበሳው ቀዳዳ አስለቃሽ ጋዝ ለቀቀ፤ ሁሉም በሕይወት ወጡ። ፖሊስን ያማክር የነበረው የአእምሮ ሐኪም ኒልስ ቤየሮት ግን ለፍርሃቷና ለሚዛኗ የሕመም ስም አወጣለት። ስሙ ዓለምን ዞረ፤ በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች የምርመራ መመሪያ ውስጥ ግን እንደ በሽታ ሰፍሮ አያውቅም። ፊልሙም የሴትዮዋን ስም ለውጦ ታሪኳን መሳቂያ አደረገው፤ ይህን እንኳ ለፊልም ሠሪ እተወዋለሁ።

ለእኛ ግን አልተውም። ያቺ እህት በሩን የቆለፈባት ማን እንደሆነ፣ ዳቦውን ያቀበላት ማን እንደሆነ ለይታ ታውቃለች፤ ሁለቱን ያምታታነው ከውጭ ሆነን የሰማነው እኛ ነን። ከመካከላችን በሰው አገር፣ በሰው ቤት፣ የአንድ ሰው ርኅራኄ ያላተረፈው ማን አለ? ደግሞም ከሁላችሁ የከፋሁት እኔ ነኝ፤ እናንተ የሳቃችሁት ቃሉን ሰምታችሁ ነው፣ እኔ ግን በገዛ ቋንቋዋ ተርጉሜ በእጇ ሰጠኋት።

ባለፈው እሑድ ቤቷ ሄድኩ። በሩን ከፍታ «ግባ» አለችኝ፤ አጥፍቻለሁ ስላት መሬት መሬት እያየች ዝም ብላ ሰማችኝ። ቡና አላፈላችም። ጀበናው ግን መስኮቱ ላይ ተቀምጦ አይቼዋለሁ። በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተመልሼ እሄዳለሁ፤ በዚያ ምሽት የሳቃችሁ ሁሉ ባትመጡም፣ አንድ ሁለታችሁ አብራችሁኝ ብትሄዱ ደስ ይለኛል።