ስለ «ኢት» አንድ ነገር ልጨምር

ስለ እንግሊዝኛ ቃላት የወጣውን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ግን «ቀላል» ማለት የነበረው የድሮ እንግሊዝኛ ቃል በ«ኢዚ» (easy) ተተካ ብሎ ቶሎ አለፈው። ወጉ ያለው እዚያ ጋ ነበር።

ቃሉን በእኛ ፊደል ልጻፈው ብል ተቸገርኩ፤ «ኢዝ» ካልኩት ከ«ኢዚ» ጋር ሊምታታ ነው። «ኢት» (eath) ልበለው፤ መጨረሻውን ምላሳችሁን በጥርስ መሃል አውጥታችሁ አንብቡት። ሁለቱ ቢመሳሰሉም ዘመድ አይደሉም። «ኢት» የአንግሎ ሳክሶኖች፣ ማለትም የጥንቶቹ እንግሊዞች፣ የራሳቸው ቃል ነው። «ኢዚ» ግን ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው። ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች በ1066 እ.ኤ.አ. እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የቤተ መንግሥቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ። የገዢው ቃል ገባ፣ የአገሬው ቀስ በቀስ ወጣ።

በአንዴ ግን አልሞተም። ስኮትላንድ ውስጥ ብዙ ቆይቷል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ደግሞ እንግሊዛዊው ገጣሚ ኤድመንድ ስፔንሰር ሆን ብሎ አሮጌ ቃላት እየለቀመ ሲገጥም እሱንም አስገብቶታል።

እኔን የገረመኝ ተቃራኒው ነው፤ «አንኢት»፣ ማለትም «በመከራ»። በሼክስፒር «ሄንሪ ስድስተኛ» ክፍል ሁለት ውስጥ፣ የግሎስተር መስፍን ሚስቱ በባዶ እግሯ ድንጋያማውን መንገድ እንዴት ትችለዋለች ብሎ ሲጨነቅ የሚጠቀመው ይህንኑ ቃል ነው።