ማባዛት የማይችል ውጭ አገር አይሂድ

ከኮዬ ፈጬ ተነስቶ ውጭ አገር ደርሶ የመጣ ሰው ሻንጣውን ሳይፈታ ምርመራ ይጠብቀዋል። የቦሌ ጉምሩክ እንኳ እንደ ብሎካችን አይፈትሽም። ጉምሩክ «ስንት ስልክ ይዘሃል?» ብሎ ይለቅሃል። ጎረቤት ግን ዳቦ ስንት ነው፣ ሥጋ ስንት ነው፣ የቤት ኪራይ ስንት ነው ይልና ወደ ዋናው ጥያቄ ይገባል። «በእኛ ስንት ይሆናል?»

እኔ ኢስታንቡል የሄድኩት ልብስ ላመጣ ነበር። ላሌሊ የሚባል ሰፈር አለ። የእኛ ነጋዴ ከመርካቶ ቀጥሎ እሱን ነው የሚያውቀው። መስጊዱንም ባሕሩንም ያየሁት በትርፍ ጊዜዬ ነው፤ ዋና ሥራዬ ማባዛት ነበር። ስሄድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፣ አንድ የቱርክ ሊራ ደግሞ ሁለት ብር አትሞላም። እሁድ ዕለት አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ በዚያች ወገቧ ቀጠን ባለች ብርጭቆ ሻይ ጠጣሁ። 20 ሊራ። አባዛሁት፣ 35 ብር ገደማ። ተናደድኩ፣ ግን ጨረስኩት።

በማግስቱ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው። ብሔራዊ ባንክ የብርን ዋጋ ገበያ ይወስነው አለ። ያው ወንበር፣ ያው ሻይ፣ ያው 20 ሊራ፤ ስልኬን አውጥቼ ባባዛው 45 ብር ሆኖ ቁጭ! ቱርኩ ሳንቲም አልጨመረም። ስኳሩንም በነጻ ነው የሰጠኝ። ዋጋው የተጨመረው አዲስ አበባ፣ የከፈልኩት ኢስታንቡል።

ነሐሴ ሳያልቅ ዶላር መቶ ብርን አለፈ። እኔም ስመለስ ከብሎካችን ሥር ጀበና ቡና የምታፈላው ልጅ ዋጋ ጨምራ ጠበቀችኝ።

«እህቴ፣ ቡናው የይርጋጨፌ፣ ከሰሉ የአገር ቤት፣ ጀበናው ሸክላ። ዶላር ምን አገባው?»

«ስኒው የቻይና ነው» አለች፣ ቀና ሳትል። «ስኳሩስ? ኪራዩስ? ደግሞ ጤናዳሙም ጨምሯል።»

ጤናዳም ከመቼ ወዲህ ዶላር ያውቃል ልል ብዬ ተውኩት። ልጅቷ ልክ ናት። ጤናዳሙን የምታመጣላት ሴትዮ ዘይት ትገዛለች፤ ዘይቱ በብዛት የሚመጣው ከውጭ ነው። የዓለም የገንዘብ ድርጅት 3.4 ቢሊዮን ዶላር ሊያበድረን ሲስማማ ስለ ማሻሻያው ብዙ ገጽ ጽፏል። እሷ በአንድ ጤናዳም ጨረሰችው።

እዚያ ዱካ ላይ ሁለት ፓርቲ አለ። አንዱ ወገን መንግሥት የሚሠራው ሁሉ ትክክል ነው ይላል። ሌላው ካነጠሰም ጥፋቱ የመንግሥት ነው። እኔ ለሁለቱም ምስክር ሆኜ ተጠራሁና ያነበብኩትንም ያየሁትንም አወራሁ። የቱርኩ ፕሬዚዳንት ኤርዶጋን ወለድ ከፍ ሲል ዋጋ ይንራል ብለው ያምኑ ነበር፤ የኢኮኖሚ መጽሐፍ የሚለው ተቃራኒውን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2021 ሦስት የማዕከላዊ ባንክ ገዥ አባረሩ። በ2022 የዋጋ ንረቱ በመንግሥት ቁጥር እንኳ 85 በመቶ ደረሰ። ከ2023ቱ ምርጫ በኋላ ፊታቸውን አዞሩ፤ ወለዱም ከ8.5 ተነስቶ 50 በመቶ ገባ።

«አየህ! ኑሮ የተወደደው እኛ ጋ ብቻ አይደለም» አለ ደጋፊው፣ ደስ ብሎት።

«አየህ! እዚያ ቢያንስ ባለሥልጣን ይባረራል» አለ ተቃዋሚው፣ እሱም ደስ ብሎት።

ጡረተኛው መምህር «ከተባረሩት ውስጥ እኮ ወለድ አልቀንስም ያለ አለበት» ሊሉ ሞከሩ። የሰማቸው የለም።

ቱርኮች እ.ኤ.አ. በ2005 ከገንዘባቸው ላይ ስድስት ዜሮ እንደቆረጡ ስነግራቸው የግቢው ጥበቃ ደነገጠ። «ጋሼ፣ ስድስት ዜሮ? ከእኔ ደመወዝ ላይ ቢቆረጥ እኮ እኔ ራሴ ነኝ የምቆረጠው!»

ኢስታንቡል ውስጥ ማርማራይ የሚሉት ባቡር አለ፤ በባሕር ሥር ከእስያ ወደ አውሮፓ በአራት ደቂቃ ያሻግራል። ይህን ማውራት አልነበረብኝም መሰለኝ፤ ሁሉም ዝም አለ። እኛ ጋ ታክሲው ቱሉ ዲምቱ ሲደርስ ረዳቱ «መጨረሻ፣ ውረዱ!» ይላል። ሌላ ታክሲ፣ ሌላ ሂሳብ። የእኛ ባቡር ደግሞ በ2008 ሥራ ሲጀምር ቃሊቲ ላይ ቆመ፣ እስከ ዛሬም እዚያው ነው። ነገሩን ለማብረድ ሜትሮባስ ስለሚሉት አውቶቡስ አወራሁ። ሰዉ ተጨናንቆ፣ እየተገፋፋ፣ አንዱ የሌላውን እግር እየረገጠ ነው የሚሄደው። ፊታቸው በራ። ቸኮሌቱን ስሰጣቸው እንኳ እንዲህ አልተደሰቱም።

የሚገርመኝ ማባዛት ላይ ሁላችንም ጎበዝ መሆናችን ነው። የቱርክን ዳቦ፣ የዱባይን ኪራይ፣ የአሜሪካን እንቁላል በብር አባዝተን «ውይ ውይ፣ እንዴት ይኖራሉ?» ብለን እናዝንላቸዋለን። ደመወዙን ወስዶ ለዶላር የሚያካፍል ግን የለም። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በዲግሪ የተቀጠረ ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ 11,500 ብር ያገኛል ተብሎ ብሎካችን ውስጥ ትልቅ ደስታ ነበር። በሦስተኛ ፎቅ ያለው ጎረቤታችን ግን ክፉ ልማድ አለበት፤ ስልኩን አወጣና አካፈለ። 80 ዶላር አካባቢ።

«በወር?» አለ ጥበቃው።

«በወር።»

መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠራርገው «ማካፈል የሚያስተምሩት ከማባዛት በኋላ ነው፤ እስኪያልፍላችሁ ማባዛቱ ላይ ብትቆዩ ምን ነበረበት?» አሉ።

ጎረቤታችን ግን አሁንም ስልኩን አላስቀመጠም። ወደ ቡና ሻጯ ዞረ። «ቆይ፣ ይሄ ቡና በሊራ ስንት ይሆናል?»

«በብር ክፈልና ስኒውን መልስ» አለችው። «ሰው እየጠበቀ ነው።»