ጉሮሯችንን ያነቅነው እኛው ነን

የሰፈሬ ሰዎች፣ የአዳማ ልጆች! ዛሬ መብራት ኃይልን ልወቅስ አልመጣሁም። እሱን በየቀኑ እንወቅሰዋለን። የዛሬው ነገሬ ከእናንተ ጋር ነው።

ከተማችን ዳር ካለው ኮረብታ ላይ የሚሽከረከሩት ሁለቱ የነፋስ ጣቢያዎች ባንድ ላይ 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። የቆቃ የውኃ ኃይል ማመንጫም ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው። ታዲያ ለምን በሻማ እናመሻለን? የሚመነጨው ኃይል ወደ አገሪቱ መረብ ይገባል። እኛ ቤት የሚደርሰው ደግሞ መንገድ ዳር ባለው ትራንስፎርመር ቮልቴጁ ከወረደ በኋላ ነው። የሰፈራችን ጉሮሮ እሱ ነው።

ቅዳሜ ጠዋትን አስቡ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። 200 ኪቪኤ ትራንስፎርመር፣ ማለትም ለምጣድ ወደ 200 ኪሎ ዋት የሚሸከም፣ ቢበዛ 50 ምጣድ ባንዴ ይችላል፤ ያውም አንድ አምፖል ሳይበራ። እኛ ግን ሰርቪስ ቤት ስንደረድር፣ አምስት ተከራይ ባንድ ቆጣሪ ላይ ስንጭን ለማንም አልተናገርንም። በመኖሪያ ቤት ቆጣሪ ብየዳ የሚሠራም አለ። በቀደም አንድ ጎረቤቴ ግቢ ገብቼ ነበር። ከቆጣሪው የወጣው ቀጭን ገመድ ፕላስቲኩ ቀልጦ ግድግዳው ላይ ተጣብቋል። ግድግዳው ጠቁሯል። በዚያው ሳምንት የትራንስፎርመሩ ፊውዝ ተቃጠለ። እንጀራ ጋግራ የምትሸጠው እህታችን ሁለት ባልዲ ሊጥ ኮምጥጦባት ደፋችው። ያንን ያደረገው የማን ምጣድ ነው? የሁላችንም።

አሁን መስመሩ ሊታደስ ነው። የበሰበሰው የእንጨት ምሰሶ በኮንክሪት፣ እርቃኑን የተዘረጋው ሽቦ በተሸፈነ ሊቀየር ነው። ስንት ዓመት የጮህንበት ነገር እኮ ነው! ሠራተኞቹ ሲመጡ ግን አንዱ «አጥሬን አትነኩም» አለ። ሌላው «ዛፌ አይቆረጥም» አለ። እኔም ዛፍ እወዳለሁ፤ ለአዳማ ፀሐይ ጥላ ብርቅ ነው። ግን ሽቦ የሚነካው ቅርንጫፍ ይከርከም እንጂ ግንዱ ይነቀል ያለ የለም። ነፋስ ሲነሳ መብራቱ ድርግም ድርግም የሚለው ቅርንጫፉ ሽቦውን ከሽቦ እያጋጨው ነው። ለምሰሶ የተቆፈረው ጉድጓድ እስካሁን ባዶውን ነው። ልጆች እንዳይገቡበት ቆርቆሮ ደፍተንበታል። አያሳፍርም?

የሚብሰው ደግሞ ሌባው ነው። ሌሊት ሽቦ ተቆርጦ ይሸጣል። ሻጩንም ገዢውንም እያወቅን «ምን አገባኝ» ብለን እናልፋለን። ኒውትራሉ፣ ማለትም የመመለሻው ሽቦ፣ ሲቆረጥ ግን አንዱ ቤት መብራቱ ይደክማል፣ ሌላው ቤት ቮልቴጁ ከ220 በላይ ይወጣና ፍሪጁ ይቃጠላል።

እባካችሁ፣ የየቤቱን ጭነት የሚመዘግቡት ሠራተኞች ሲመጡ ምጣዳችሁንም ተከራያችሁንም ሳትደብቁ ንገሯቸው። ያልተነገረ ጭነት ስሌት ውስጥ አይገባም። ከተደበቀ አነስተኛ ትራንስፎርመር ይተከልልንና ተመልሰን እዚያው ቅዳሜ ጠዋት ላይ ነን። አንተም አጥርህን የከለከልከው ወንድሜ፣ ነገ ጠዋት መዶሻና ጉጠት ይዤ እመጣለሁ። አብረን እንፈታዋለን፤ ምሰሶው ሲቆም አብረን እንመልሰዋለን።