የመጨረሻዋ ሰከንድ፦ በኦንላይን ጨረታ ዘግይቶ መግባት ያዋጣል?

የክርክሩ ጥያቄ ይህ ነው፦ መዝጊያ ሰዓቱ አስቀድሞ በተቆረጠ የኦንላይን ጨረታ ላይ ዋጋን እስከ መጨረሻዋ ሰከንድ ደብቆ መቆየት ይሻላል ወይስ የአቅምን ጣሪያ ቀድሞ አስገብቶ መተኛት? ሁለቱም ተከራካሪዎች የጅማ ነዋሪዎች ናቸው። መዘግየትን የምትደግፈው በከተማዋ ሄርማታ መርካቶ ሰፈር ፎቶ ቤት ያላት ወጣት ስትሆን፣ ያገለገሉ የካሜራ ሌንሶችን አሜሪካ ባለች ዘመዷ በኩል ኢቤይ ከተባለው የኦንላይን መገበያያ ጣቢያ ትገዛለች። የሚቃወሟት በአጋሮ መስመር ለረጅም ዓመታት ቡና ሲያቀርቡ የኖሩ ነጋዴ ናቸው።

ደጋፊ፦

ጋሼ፣ ሁላችንም ከምናውቀው የጋዜጣ ማስታወቂያ ልነሳ። ተጫራቾች ዋጋቸውን በሰም በታሸገ ፖስታ እንዲያስገቡ፣ ሳጥኑም ከጠዋቱ 4፡00 ሰዓት ተዘግቶ ተጫራቾች ወይም ሕጋዊ ወኪሎቻቸው በተገኙበት 4፡30 እንደሚከፈት ይነገራል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ማንም የማንንም ቁጥር እንዳያይ ነው። ኢቤይ ላይ ግን ፖስታ የለም። ሰኞ ዕለት በአንድ ሌንስ ላይ ዋጋ ባስገባ እስከ እሑድ ድረስ ያየው ሁሉ የሚያውቅ ሰው እንደገባበት ይረዳና ይከተለኛል። የእኔ ሙያ ደግሞ ከፎቶው ብቻ ሻጋታ ያልነካውን ሌንስ ለይቶ ማወቅ ነው (በጅማ ዝናብ የሰነበተ ሰው ሻጋታን ለማወቅ ትምህርት ቤት አያስፈልገውም)፤ ይህንን እውቀት ለምን በነጻ ልበትን?

ነገሩ የእኔ ብቻ አስተያየት አይደለም። አልቪን ሮት እና አክሰል ኦከንፌልስ የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚክስ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት በኢቤይ ላይ የመጨረሻ ሰዓት ዋጋ ከኮምፒውተር ይልቅ በጥንታዊ ዕቃዎች ጨረታ ላይ በርክቶ አግኝተውታል፤ በጥንታዊ ዕቃ ላይ ዋናውን ከአስመሳዩ የሚለየው ባለሙያው ነውና ሌሎች እንዳይከተሉት ይደበቃል። ልምድ ያላቸው የኢቤይ ተጫራቾችም ከጀማሪዎቹ ይልቅ ዘግይተው ይገቡ ነበር። እንግዲህ በመጨረሻዎቹ አምስት ሰከንዶች የማስገባው ዋጋ ጣቢያው የነፈገኝን ፖስታ በራሴ እጅ ማሸግ ነው።

ተቃዋሚ፦

እህቴ፣ የፖስታውን ምሳሌ ስላነሳሽው ደስ ብሎኛል፤ እኔ በዕድሜዬ ብዙ ፖስታ አስገብቻለሁና። ሰው ፖስታውን በጠዋት ሄዶ ሳጥኑ ውስጥ ይጥላል እንጂ 3፡59 ላይ ከመንገድ ማዶ ቆሞ ወደ ቀዳዳው አይወረውርም። አንቺ የምታደርጊው ውርወራውን ነው፤ ያውም መብራት በሚጠፋበትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ከተማ ተቀምጠሽ።

ከዚያ በፊት ግን የጨረታውን አሠራር እናስተካክለው። ኢቤይ የሚጠይቅሽ የመጨረሻ ጣሪያሽን ነው፤ ያንን ቁጥር ለማንም ሳያሳይ በአንቺ ፋንታ እየተጫረተ ተፎካካሪሽን ለማለፍ የሚበቃውን ያህል ብቻ ይጨምራል። ጣሪያሽ 90 ዶላር ቢሆንና የተከታይሽ ጣሪያ 70 ቢሆን የምትከፍዪው 71 ነው፤ በዚያ የዋጋ እርከን ጭማሪው አንድ ዶላር ነውና። አሸናፊው የሁለተኛውን ዋጋ እንዲከፍል የሚያደርገውን ጨረታ የኢኮኖሚክስ ሊቁ ዊልያም ቪክሪ እ.ኤ.አ. በ1961 ሲተነትን ያሳየው፣ እንዲህ ባለው ሥርዓት ዕቃው ለአንቺ የሚያወጣውን እውነተኛ ዋጋ ከመጻፍ የተሻለ ስልት አለመኖሩን ነው። ከፍ ብታደርጊው ከሚገባው በላይ ልትከፍዪ ትችያለሽ፤ ዝቅ ብታደርጊው ደግሞ የሚያዋጣሽን ዕቃ ልታጪ። ሰዓቱ በዚህ ስሌት ውስጥ ቦታ የለውም። አንድ ቦታ ቢኖረው እንኳ የሚያደላው ለቀዳሚው ነው፤ ሁለት ሰዎች እኩል ጣሪያ ቢያስገቡ ኢቤይ የሚያሸንፈው ቀድሞ ያስገባውን ነው።

ደጋፊ፦

ቪክሪ ያሰቡት ሰው ልቡን የሚያውቅ ሰው ነው። እኔ የምገጥመው ግን ጣሪያዬ 40 ነው ብሎ አስገብቶ መበለጡን ሲያይ ወደ 45፣ ከዚያ ወደ 52 የሚወጣውን ነው፤ እልህ የያዘው ሰው ጣሪያ የለውም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ሦስት ቀን ከሰጠሁት ዋጋውን በገዛ እጄ አስወደድኩ ማለት ነው፤ ሦስት ሰከንድ ከሰጠሁት ግን ለእልህ ጊዜ አያገኝም። በተጨማሪ ሻጩ በሌላ ስም ገብቶ ዋጋ የሚያንር ከሆነ ጣሪያዬን ቀድሜ ማስገባቴ ቀስ እያለ እስከ ጫፉ እንዲፈትሸኝ ሜዳውን ማመቻቸት ነው።

ስለ ውርወራው ግን እውነትዎን ነው፤ ያቃጠለኝም እርሱ ነው። በእነርሱ የብርድ ወራት የካሊፎርኒያ ሰዓት ከእኛ በ11 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚቀር፣ በእነርሱ አቆጣጠር ከምሽቱ 6 ሰዓት የሚዘጋ ጨረታ በጅማ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ያልቃል። በመጋቢት መጀመሪያ እነርሱ ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደፊት እንደሚገፉ አላሰብኩም ነበር። ከሌሊቱ 10፡50 ተነስቼ፣ ቡና አፍልቼ ስከፍተው ጨረታው ከ50 ደቂቃ በፊት ተዘግቶ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ዋጋዬን በመጨረሻዋ ሰከንድ የሚያስገባልኝ ፕሮግራም እጠቀማለሁ፤ ፕሮግራሙ የሚሠራው ሌላ አገር ባለ ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ የጅማ መብራት ቢሄድም ባይሄድም ግድ የለውም። ኢቤይም በመጨረሻዋ ሰከንድ ዋጋ ማስገባትን አልከለከለም።

ተቃዋሚ፦

የዘመድሽን አካውንት የይለፍ ቃል ለማታውቂው ሰው ፕሮግራም ማስረከብሽን ዘመድሽ ታውቃለች? ይህንን በቅንፍ ትቼ ወደ ዋናው ልግባ።

ፎቶ ቤትሽ በመጣሁ ቁጥር የምሰማው ለቅሶ ‹በአንድ ዶላር ተበለጥኩ› የሚል ነው። ይህ ለቅሶ በተሳሳተ ንባብ ላይ የቆመ ነው። አንቺ 70 አስገብተሽ ጨረታው በ71 ተዘጋ ማለት ያሸነፈሽ ሰው ጣሪያ 71 ነበር ማለት አይደለም። ጣሪያው 75 ሊሆን ይችላል፣ 300ም ሊሆን ይችላል፤ ገጹ የሚያሳይሽ የአንቺን ቁጥር አንድ እርምጃ ከፍ ብሎ ብቻ ነው። ስለዚህ 72 ብትጽፊ ኖሮ ታሸንፊ እንደነበር የሚያረጋግጥልሽ ምንም ነገር የለም፤ ምናልባት በ73 ትሸነፊ ነበር፣ ለቅሶውም ያው ይሆን ነበር። ያም ሆኖ ‹ሁለት ዶላር ብጨምር ኖሮ› የሚለው ጸጸት እውነት ከሆነ፣ የጻፍሽው 70 ጣሪያሽ አልነበረም ማለት ነው፤ እውነተኛው 72 ወይም 80 ነበር፣ አንቺ ግን ቆጥበሽ ጻፍሽው። መጨረሻዋን ሰከንድ መጠበቅ ይህንን ሕመም ያባብሰዋል፤ ቀድሞ የገባ ሰው መበለጡን አይቶ በእርግጥ ይህ ዋጋ ያዋጣኛል ወይ ብሎ ለማሰብ ጊዜ አለው፣ አንቺ ግን ለእልኸኛው የነፈግሽውን ጊዜ ለራስሽም ነፍገሻል።

ሁለተኛው ነገር የሻጩ ነው፤ እኔ ዕድሜዬን በሻጭ ወገን ስለኖርኩ ዓይኔ ወደዚያ ያደላል። በመጨረሻዋ ሰከንድ ከሚላኩት ዋጋዎች ከፊሉ ሳይደርስ ይቀራል፤ ዋጋውም ሊደርስ ከሚችለው በታች ይዘጋል። አንቺ ተቆጠበልኝ የምትዪው ገንዘብ ከሻጩ ኪስ የወጣ ነው። በቤተ ክርስቲያን ወይም በሠርግ ላይ ዳቦ ሲጫረት ያየ ሰው ትክክለኛውን ሥርዓት ያውቀዋል፤ አጫራቹ ‹አንደኛ፣ ሁለተኛ› ብሎ ‹ሦስተኛ› ሊል አፉን ሲከፍት ከጓሮ አንድ ሰው ቢጨምር ቆጠራው እንደገና ከአንደኛ ይጀምራል። አማዞን የተባለው የኦንላይን መደብር አንቺ የጠቀስሽው ጥናት በተሠራበት ዘመን ያካሂደው የነበረው ጨረታም እንዲሁ ነበር፤ በመጨረሻዎቹ 10 ደቂቃዎች ዋጋ ከገባ፣ አዲስ ዋጋ ሳይገባ 10 ደቂቃ እስኪያልፍ ድረስ አይዘጋም ነበር። አንቺ የጠቀስሻቸው ሊቃውንት ሁለቱን አነጻጽረው በአማዞን ላይ የዘገየ ዋጋ እጅግ አነስተኛ መሆኑንና ልምድ ያላቸው ሰዎች እዚያ ቀድመው እንደሚገቡ አግኝተዋል። ስልትሽ የሚያዋጣው ሰዓቱ ርኅራኄ በሌለው ቦታ ብቻ ነው ማለት ነው።

ምርጥ ቡና በኦንላይን በሚሸጥባቸው ጨረታዎችም ሻጩ እንዲህ ነው የሚጠበቀው፤ ዋጋ እየገባ እስከቆየ ድረስ ጨረታው ክፍት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2020 በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካሄደው ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ በተባለው የቡና ጥራት ውድድር አንደኛ የወጣው የሲዳማ ቡና በኦንላይን ጨረታ ለአንድ ፓውንድ፣ ከግማሽ ኪሎ ለምታንስ መጠን ማለት ነው፣ 185.10 ዶላር አውጥቷል። ሰዓቱ በተቆረጠ ጊዜ ቀጥ ብሎ ቢዘጋና ገዢው ሁሉ እንዳንቺ መጨረሻዋን ሰከንድ ቢጠብቅ ያ አርሶ አደር ምን ያህል ያገኝ ነበር?

ደጋፊ፦

ስለ አንድ ዶላሩ ረትተውኛል፤ ገጹን እንደዚያ አንብቤው አላውቅም። ስለ ሻጩ ግን ከእርስዎ አልቀበልም። ጥቅምትና ኅዳር ላይ የጎማ ወረዳ አርሶ አደር እሸት ቡናውን በአህያ ጭኖ ወደ መፈልፈያው ሲመጣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ይሆናል። እሸት ቡና ከተለቀመበት ቀን ካለፈ ጥራቱ ይበላሻል፤ ሰውየው መልሶ ወደ ቤቱ ሊወስደው እንደማይችል ገዢው ያውቃል፣ ስለዚህ ጠዋት የተናገረውን ዋጋ ማታ ይቀንሰዋል። የእኔ አምስት ሰከንድ ከዚህ በምን ይብሳል? የሌንሱ ሻጭ ቢያንስ መነሻ ዋጋውን ወይም ከዚህ በታች አልሸጥም የሚለውን ቁጥር አስቀድሞ ማስቀመጥ ይችላል፤ ሰባቱን ቀን የመረጠውም፣ መዝጊያ ሰዓቱን ያየውም ራሱ ነው።

ተቃዋሚ፦

ይህን አልክድም። በ12 ሰዓት ተኩል ዋጋ ሲወርድ አይቻለሁ፤ በወጣትነቴ አውርጄም አውቃለሁ። ሌንስ አይበሰብስም፤ ሻጩ ዋጋው ካላማረው በሚቀጥለው ሳምንት መልሶ ሊያወጣው ይችላል፣ የጎማው ሰው ግን አይችልም። እንግዲያው ክሴን ከአንቺ ላይ አንስቼ ሰዓቱን ቀጥ አድርጎ በሚቆርጠው ደንብ ላይ አደርገዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቅር ይለኛል፤ ለፕሮግራሙ የሰጠሽው የዘመድሽ የይለፍ ቃል ነው። ዛሬ ማታ ደውዪላትና አስቀይሪው፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት መነሳት ካቃተሽ እኔ ለሱብሒ ስነሳ እቀሰቅስሻለሁ።