ልጃችሁ ሜሰን ከገባ ግቢው ውስጥ ይዋል

በየዓመቱ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ በዋሽንግተን ዙሪያ የምንኖር ኢትዮጵያውያን አንድ ጥያቄ እንጠያየቃለን። ልጁ የት ገባ? ልጅቷስ? መልሱ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ ከሆነ እልል ይባላል። "ሜሰን" ከሆነ ግን ወላጅ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። "ምን ይደረግ፣ ቅርብ ነው፣ ከቤት ይመላለሳል" ይላል። ፌርፋክስ፣ ቨርጂኒያ የሚገኘውን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ፣ ጆርጅ ሜሰንን ማለቱ ነው።

በዚህ አነጋገር ውስጥ ሁለት ስህተት አለ ባይ ነኝ። አንዱ ትምህርት ቤቱን ማሳነሳችን ነው። ሁለተኛው "ከቤት ይመላለሳል" ብለን ነገሩን መዝጋታችን ነው። ልጆቻችንን ይበልጥ የሚጎዳው ይሄኛው ነው።

መጀመሪያ ስለ ትምህርት ቤቱ ትንሽ ልበል። ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጆቹ ነው የምጠቅሰው። በ1957 የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፍ ሆኖ ሲከፈት 17 ተማሪዎች ብቻ ነበሩት። የተከፈተውም ቤይሊስ ክሮስሮድስ፣ ታድሶ በተሰጠው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር። ዛሬ ሐበሻ እንጀራ የሚገዛበት ያ ሰፈር ማለት ነው። በ1964 ወደ ፌርፋክስ ተዛወረ። በ1972 ራሱን ችሎ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። አሁን ወደ 40 ሺህ ተማሪ አለው። ከቨርጂኒያ የመንግሥት የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች ትልቁም እሱ ነው። ጄምስ ቡካናን በ1986፣ ቨርነን ስሚዝ በ2002 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሲሸለሙ የዚያ ፕሮፌሰሮች ነበሩ። በ2016 ደግሞ በምርምር ሥራቸው ከፍተኛው ምድብ ውስጥ ከተመደቡት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ተቀላቀለ። በሰላምና ግጭት አፈታት ላይ የሚሠራው፣ በጂሚ ካርተርና በባለቤታቸው በሮዛሊን ስም የተሰየመው ትምህርት ቤትም እዚያው ነው። የሀገራችንን ሁኔታ ለምናውቅ ሰዎች ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ልጆቻችን ግጭት እንዴት እንደሚፈታ ለማጥናት ከሰፈራቸው ርቀው መሄድ አያስፈልጋቸውም።

ስለዚህ አንገት የሚያስደፋ ነገር የለም። ሌሎች ወላጆች ልጃቸውን ከሌላ ክፍለ ዓለም የሚልኩበት ትምህርት ቤት ለእኛ የሰፈር ነው።

ገንዘቡንም እንየው። ለቨርጂኒያ ነዋሪ የዓመቱ የትምህርት ክፍያ ከ13 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ከሌላ ግዛት ለሚመጣ ሦስት እጥፍ ገደማ ይሆናል። እዚህ ላይ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖሩ ዘመዶቻችን ልብ በሉ። ቅርብ መሆን ነዋሪ አያደርግም። ሕጉ ቢያንስ አንድ ዓመት ሙሉ በቨርጂኒያ መኖርን ይጠይቃል። ተማሪው ከ24 ዓመት በታች ከሆነ ደግሞ በአብዛኛው የሚታየው የወላጁ ነዋሪነት ነው። ዶርምና ምግብ ሲጨመር ለብቻው ከትምህርቱ ክፍያ ጋር የሚቀራረብ ገንዘብ ይጠይቃል። ታክሲ እየነዳ፣ ፓርኪንግ እየሠራ፣ ሌሊት አረጋውያንን ሲንከባከብ እያደረ ለሚያስተምር ወላጅ ይህ ቀልድ አይደለም። ልጁ ቤት ቢያድር ከዕዳ ይድናል። ዶርም አስገቡ ብዬ አልፈርድባችሁም። ማደሩን ቤት ይደር። የምለምናችሁ ስለ ውሎው ነው።

ከቤት የሚመላለስ ልጅ ውሎ ምን እንደሚመስል በቅርብ አውቃለሁ። ጠዋት እናቱን ሥራ ያደርሳል። ከዚያ ስልሳ ስድስት በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ መኪና ይጋፋል። ግቢ ሲደርስ ፓርኪንግ ፍለጋ ይዞራል። ክፍል ይገባል፣ ይወጣል። በሁለት ክፍል መካከል ያለውን ሰዓት መኪናው ውስጥ ስልኩን እያየ ያሳልፋል። ከሰዓት በኋላ ሺፍት አለው። ማታ ታናናሾቹን የቤት ሥራ ያሠራል። ከውጭ ለሚያየው ጎበዝ ልጅ ነው፣ ደግሞም ነው። ግን አራት ዓመት እንዲህ ተመላልሶ ሲመረቅ ስሙን የሚያውቅ አንድ አስተማሪ ላይኖረው ይችላል።

ይህ ለምን ያሳስበኛል? ልጆቻችን ብዙዎቹ ሕክምና፣ ፋርማሲ፣ ሕግ፣ ማስተርስ ነው የሚያስቡት። እነዚህ ትምህርት ቤቶች ከውጤት ሌላ የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃሉ። ደብዳቤውን የሚጽፈው ልጁን የሚያውቅ ፕሮፌሰር ነው። በትልቅ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ባዮሎጂ ወይም ኬሚስትሪ በመቶዎች በሚቆጠሩ ተማሪዎች የታጨቀ አዳራሽ ውስጥ ነው የሚሰጠው። እዚያ ማንም ማንንም አያውቅም። ፕሮፌሰሩ ተማሪውን የሚያውቀው ተማሪው ቢሮው ድረስ ሲሄድ ነው። በየሳምንቱ ለተማሪ ክፍት የሆነ ሰዓት አለው። ብዙ ጊዜ ያ ሰዓት ባዶ ይውላል። የእኛ ልጅ ደግሞ በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ ነው።

ምርምርም እንዲሁ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ቦታ የሚገኘው በመጠየቅና በመታየት ነው። ሜሰን የቅድመ ምረቃ ተማሪዎችን ምርምር የሚደግፍ ቢሮ አለው። የተመረጡት ከአንድ ፕሮፌሰር ጋር በራሳቸው ጥያቄ ላይ ይሠራሉ፣ ክፍያም ያገኛሉ። ይህን የማያውቁ የእኛ ልጆች ብዙ ናቸው። በተመሳሳይ ሰዓት መጋዘን ውስጥ ሳጥን ያነሳሉ። ሥራ ክቡር ነው፣ አልናቅሁም። ግን ያው ሰዓት ነው፤ ሁለቱም ይከፈልባቸዋል። አንዱ ግን ለነገ መንገድ ይከፍታል።

ከግቢው ሕይወት ልቤን የሚነካው አንድ ታሪክ አለ። ዩኒቨርሲቲው የተሰየመበት ጆርጅ ሜሰን የ1776ቱን የቨርጂኒያ የመብቶች መግለጫ የጻፈ ሰው ነው። ሰዎች ሁሉ በተፈጥሯቸው እኩል ነፃ ናቸው ብሎ ጽፏል። ያው ሰው ከ100 በላይ ሰዎችን በባርነት ይዞ ነበር። ይህን ታሪክ ከሰነድ እየቆፈሩ ያወጡት የቅድመ ምረቃ ተማሪዎች ናቸው፤ ከፕሮፌሰሮቻቸው ጋር ሆነው። ከጥናታቸው የተነሳ በ2022 በግቢው መሐል ለእነዚያ ሰዎች መታሰቢያ ቆመ። ፔኒ የተባለች የ10 ዓመት ልጅና ጄምስ የተባለ አገልጋይ እዚያ ይታሰባሉ። መታሰቢያው ያለበት አደባባይ ደግሞ በሮጀር ዊልኪንስ ስም ይጠራል፤ ለጥቁሮች መብት የታገሉ፣ እዚያው ታሪክ ያስተማሩ ሰው ናቸው። እነዚያ ተማሪዎች ክፍል ገብተው ብቻ ቢወጡ ኖሮ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር። ጊዜ ነበራቸው። አብሯቸው የሚቀመጥ አስተማሪ ነበራቸው።

አሁን ወደ እኛ ወላጆች ልምጣ። ከመካከላችን 6 ኪሎ የተማረ አለ። ዓለማያ የተማረ አለ። ስለዚያ ጊዜ ሲያወሩ ምን ያነሳሉ? ዶርሙን፣ የካፌውን ሰልፍ፣ ሌሊት ላይብረሪ ማምሸቱን፣ እስከ ዛሬ የሚደዋወሉ ጓደኞቻቸውን። የትኛው ኮርስ ላይ ምን እንደተማሩ ብዙም አያስታውሱም። ያሳደጋቸው ግቢው ነው። ያን ጊዜ ማደሪያውንም ምግቡንም መንግሥት ችሎላቸው ነበር። ተማሪ ማለት ሌላ ሥራ የሌለው ሰው ነበር። እኛ ያንን ሁሉ እናውቃለን፤ ለልጆቻችን ግን ዩኒቨርሲቲ ማለት በሳምንት አስራ አምስት ሰዓት ክፍል መቀመጥ ይመስለናል። የቀረውን ሰዓት እንደ ትርፍ ቆጥረን ለቤት ውስጥ ሥራ እናውለዋለን። "ክፍል ከሌለህ ለምን አትመጣም?" እንላለን። እሱም ይመጣል፤ ልጆቻችን እሺ ባዮች ናቸው። በተለይ ሴቶቹ። የኢንሹራንስ ደብዳቤ የምታነበው እሷ ናት። ሐኪም ቤት የምታስተረጉመው እሷ ናት። እንግዳ ሲመጣ ቡና የምታፈላው እሷ ናት። ወንዱ ከላይብረሪ ቢያመሽ ማንም አይጠይቀውም፤ እሷ ግን አንድ ሰዓት ስትዘገይ ስልኳ ይጮሃል። ይሄ መቅረት አለበት።

ለዋና ከተማ ቅርብ መሆኑስ? ብዙ ሰው የሜሰንን ጥቅም ሲያወራ ዲሲን ያነሳል። እውነት ነው። ካፒቶል ሂል፣ ዓለም ባንክ፣ የምርምር ተቋማት፣ የታይሰንስና የሬስተን የቴክኖሎጂ ድርጅቶች ሁሉ በአንድ ጉዞ የሚደረስባቸው ናቸው። ከግቢው ወደ ቪየና ሜትሮ ጣቢያ የሚያመላልስ የዩኒቨርሲቲው አውቶቡስ አለ፣ ለተማሪው ነፃ ነው። ከቪየና በብርቱካናማው መስመር ከተማ መሐል መግባት ነው። ግን ቅርበት ብቻውን ኢንተርንሺፕ አይሰጥም። በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች አብዛኛው ቦታ ዜግነት ይጠይቃል፤ ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ልጅ ከመጀመሪያው ወደ ካውንቲ፣ ወደ ግል ድርጅትና ወደ በጎ አድራጎት ድርጅት ቢያይ ጊዜ አያባክንም። በ2025 ደግሞ የፌዴራል ሠራተኛ ቅነሳው ይህን አካባቢ ክፉኛ መትቶታል። መንግሥት ቤት እገባለሁ ብሎ ብቻ መጠበቅ አያዋጣም። እንዲህ ባለ ጊዜ ሥራ የሚያገናኘው የሚያውቅህ ሰው ነው። የክፍል ጓደኛ፣ የማኅበር ጓደኛ፣ አስተማሪ።

ዩኒቨርሲቲዎችም ድርሻ አላቸው። ብዙ ተማሪዎች ከቤት በሚመላለሱባቸው ትልልቅ ግቢዎች ውስጥ አማካሪውም፣ የገንዘብ እርዳታ ቢሮውም ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሚዘጋ ከሆነ፣ ለሚሠራ ልጅ እንደሌለ ይቆጠራል። የምሽት ቀጠሮ ቢኖር፣ የማኅበራት ስብሰባ ቀን ቢደረግ፣ ዕቃ የሚቀመጥበት ሎከርና ጋደም የሚባልበት ቦታ ቢጨመር ብዙ ነገር ይለወጣል። ወላጆችም ይህን መጠየቅ እንችላለን። ግብር እየከፈልንበት ያለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው።

በኖቫ፣ ማለትም በሰሜን ቨርጂኒያ ኮሙኒቲ ኮሌጅ በኩል ለሚመጡ ልጆች ነገሩ ይብሳል። መንገዱ ራሱ በጣም ጥሩ ነው። በ2018 የተጀመረው አድቫንስ የተባለው ፕሮግራም ተማሪውን ከኖቫ ወደ ሜሰን እንደገና ሳያመለክት ያሻግረዋል፣ የሚከታተለው አማካሪም ይመደብለታል። ብዙ ገንዘብም ያድናል። ግን ልጁ ግቢው ላይ የሚቆየው ሁለት ዓመት ገደማ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ሴሚስተር አካባቢውን በመላመድ ከፈጀው የቀረው አጭር ነው። ከመግባቱ በፊት በሚመጣበት ዲፓርትመንት ያሉ ሁለት ፕሮፌሰሮችን ስም ይወቅ። ኢሜይል ይጻፍላቸው።

ለተማሪዎቹም አንድ ነገር ልበላችሁ። ክፍሎቻችሁን በሁለትና ሦስት ቀን አጭቃችሁ አትመዝገቡ። ነፃ ቀን ያገኛችሁ ይመስላችኋል፤ ያቺ ቀን ለሺፍት ትሄዳለች። መሥራት ካለባችሁ መጀመሪያ ግቢ ውስጥ ፈልጉ። ላይብረሪ፣ ጂም፣ የዲፓርትመንት ቢሮ ተማሪ ይቀጥራሉ። ደሞዙ ከውጪው ሊያንስ ይችላል፣ ግን ፈተና ሲደርስ ሰዓታችሁን ይረዱላችኋል። ምሳችሁን መኪና ውስጥ አትብሉ። የተማሪዎች መሰብሰቢያ የሆነው ጆንሰን ሴንተር ግቡና ሰው መሐል ተቀመጡ።

ትምህርት የሚጀመረው በፈረንጆቹ ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ነው። ከዚያ በፊት አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ መልስ ቤተሰቡ ይቀመጥ። የልጁ የክፍል ፕሮግራም ጠረጴዛ ላይ ይውጣ። ከክፍሎቹ ጎን በሳምንት ቢያንስ አሥር ሰዓት "ግቢ" ተብሎ ይጻፍ። በዚያ ሰዓት እናትን ሐኪም ቤት የሚያደርሰው ማን ነው? ትንሿን ከትምህርት ቤት የሚያመጣትስ? አባት ሺፍት መቀየር ይችላል ወይ? አክስት ረቡዕ ትመጣለች ወይ? ይህን አስቀድማችሁ ጨርሱ። ከዚያ በዚያ ሰዓት አትደውሉለት።